ዝንብ የገባበት ስፒከር

«ዝንብ ገብቶበታል» አሉኝ ጋሼ።

አጎቴ ናቸው። ጊታር መጫወት የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። አምፕሊፋየራቸውም አብሯቸው የኖረ ነው። ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን አስገባነውና የሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥነው። ጊታራቸውን ሰኩ። አምስተኛዋን ክር ምንም ሳይጫኑ ባዶዋን መቷት። ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ትርርር የሚል። ልክ ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረች ዝንብ።

«ሰማሃት?»

«ሰማኋት ጋሼ።»

«ስፒከሩ አልቆለታል፣ አዲስ ያስገቡ ተባልኩ። እንዴት ብዬ እሺ ልበል?»

ገባኝ። የጊታር አምፕ ድምፅ ግማሹ ስፒከሩ ነው። ውስጡ ያሉት ቫልቮች፣ ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች፣ ሲያረጁ ይቀየራሉ፣ እንደ አምፖል የሚያልቁ ናቸው። ስፒከሩ ግን ሌላ ነው። ኮኑ፣ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው የፈንጠር ቅርጽ ያለው ክፍል፣ ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ በሠራ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይፍታታል፣ ድምፁ ይገራል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የገሩትን ወረቀት ነው ጣሉት የተባሉት።

ስለዚህ እንዲህ ተባባልን፤ መጀመሪያ ዝንቧ ያለችበትን እንፈልጋለን። እስክናገኛት ድረስ ስፒከሩን ማንም አይነካውም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች አንዲት ነገር ስል ነው። ስፒከር ሲንቀጫቀጥ የሰው እጅ ወዲያው ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ ድምፁ የሚወጣው በዚያ ነዋ። ይቺ ችኮላ ብዙ ጥሩ ስፒከር አበላሽታለች። የጋሼንም ልታበላሽ ምንም አልቀራት።

ሥራው ውስጥ ሳልገባ አንድ ነገር ልበል። ባለ ቫልቭ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ በፍጹም አይበራም። ኃይሉን ለስፒከሩ የሚያስተላልፈው ትራንስፎርመር የሚያስረክብበት ካጣ ሊቃጠል ይችላል። ሌላም አለ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛሉ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ በዚህ ሥራ ኤሌክትሪኩ ያለበትን የብረት ቤት አልከፈትኩም። መክፈትም አላስፈለገም፤ የስፒከሩ ሽቦ ከውጭ በጃክ የሚሰካ ነው።

ከኋላ በባትሪ ሳበራ መጀመሪያ ያየሁት በስፒከሩ ብረት ጠርዝ ላይ የተመቱትን ቁጥሮች ነው። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ስፒከሮች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የፋብሪካው መለያ ናቸው። 220 ጄንሰን ነው፣ 465 ኦክስፎርድ፣ 137 ሲቲኤስ። ቀጥሎ ዓመቱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አሃዙ ብቻ። ከዚያ ሳምንቱ። የጋሼ ስፒከር ከፋብሪካው መለያ ቀጥሎ 632 ይላል። በስድስት የሚያልቅ ዓመት፣ 32ኛ ሳምንት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1956 ይሁን 1966 ቁጥሩ አይናገርም። አምፑ ግን ከታቹ የስፕሪንግ ሪቨርብ፣ ድምፁን በሽቦ ጥምዝ የሚያስተጋባ፣ ሳጥን ተሰክቶበታል፤ ሪቨርብ በጊታር አምፕ ውስጥ የተለመደው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ስለዚህ 1966 ብዬ ወሰንኩ። ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቁጥሩን በጣታቸው ዳበሱት።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሩን፣ አወጣሁ። ኦም የኤሌክትሪክ መከላከያ መለኪያ ነው። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ 8 አያሳይም፤ ስድስት ምናምን ነው የሚያሳየው። የዚህኛው 6.4 ኦም ነው። ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥምዝ፣ ኮይሉ፣ አልተበጠሰም፣ አልተቃጠለም። በዚህ ብቻ «አልቆለታል» የሚለው ፍርድ ግማሹ ፈረሰ።

አሁን ፍለጋው።

የአምፑን የስፒከር ሽቦ ነቅዬ ሌላ ጤነኛ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሰካሁት። ጋሼ ያችኑ ክር መቱ። ጥርት ያለ ድምፅ። ዝንብ የለችም። እዚህ ላይ «እንግዲያው ስፒከሩ ነው» ማለት ይቀናል። ግን ልብ በሉ፤ የጋሼ ስፒከር ዝም ሲል የጋሼ ሳጥንም አብሮ ዝም ብሏል። ሳጥኑ ካልተንቀጠቀጠ ሳጥኑ ውስጥ የላላ ነገር አይንቀጫቀጥም። ፈተናው ጥፋተኛውን ለየልኝ ማለት አይደለም። የነገረኝ ነገር ቢኖር ኤሌክትሪኩ ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው።

ሽቦውን ወደ ቦታው መለስኩ። ስልኬ ላይ ድምፅ የሚያወጣ አፕ አለኝ፤ የፈለጉትን ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሲሰጡት አንድ ወጥ ድምፅ ያወጣል። እሱን በጊታሩ ፈንታ ሰካሁና ከ60 ሄርዝ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ለጊታር ተጫዋች ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው፤ ስድስተኛዋ ክር ባዶዋን 82 ሄርዝ ገደማ ናት፣ አምስተኛዋ 110። እስከ 95 ድረስ ሰላም ነው። ከ95 ሲያልፍ ትርር ማለት ይጀምራል። 110 ላይ ይብሳል። 130 ላይ ይጠፋል። ከዚያ 145 ላይ ሌላ ድምፅ ተነሣ፤ ይኼኛው የእንጨት ድምፅ ነው፣ ቀጭን በር እንደሚንኳኳ።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ዝንቧ አንድ አይደለችም።

ጋሼ ጆሯቸው እንደ ድሮው አይደለም። መዳፋቸው ግን ከጆሮዬ ይበልጣል። ድምፁን 145 ላይ አቁሜ «ይዳብሱት» አልኳቸው። የሳጥኑን ጎን ያዙ፤ ለውጥ የለም። እጀታውን ያዙ፤ ለውጥ የለም። ፊት ለፊቱ ያለችውን የስም ታርጋ ተጫኑ፤ ምንም። ወደ ኋላ ዞሩና የጀርባውን ሰሌዳ በመዳፋቸው ደገፍ ሲያደርጉት ድምፁ ቀጥ አለ። እጃቸውን አነሡ፤ ተመለሰ። ደገፉት፤ ጠፋ።

«እቺውና!»

ከጀርባው ሰሌዳ ብሎኖች ሁለቱ ቀዳዳቸው ሰፍቶ በባዶ ነው የሚዞሩት። ቀዳዳው ውስጥ ኮላ የነካ የክብሪት እንጨት ወትፌ፣ ሲደርቅ ብሎኖቹን መለስኩ። ከሰሌዳው ሥር ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ አደረግኩ። አንዷ ዝንብ ሄደች። ከማድረቁ ውጪ ሥራው ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የ110ሯ ግን አለች። ሪቨርቡን ዜሮ አደረግኩ፣ አለች። ቫልቮቹን የሚይዙትን ሽቦዎች በደረቅ የእንጨት ዘንግ ነካ ነካ አደረግኩ፣ አለች። ሽቦ ከሚያያዝባቸው የስፒከሩ ጆሮዎች ወደ ኮኑ የሚሄዱትን ሁለት ለስላሳ የክር ሽቦዎችም አየሁ፤ እነሱ አንዳንዴ ኮኑን እየገረፉ ይንጫጫሉ። የጋሼዎቹ በወጉ ተቀልብሰው ቆመዋል፣ ምንም አይነኩም።

አሁን ስፒከሩ ላይ ደረስን። አምፑን አጥፍቼ፣ መብራቱንም አጥፍቼ፣ ትንሽ ባትሪ ከኮኑ ጀርባ አስገባሁ። ጋሼን ከፊት አስቀመጥኳቸው። ስፒከሩን ከፊት የሚሸፍነውን ጨርቅ ከነፍሬሙ ቀደም ብለን አውጥተነዋል። ባትሪውን በኮኑ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ጤነኛ ወረቀት በባትሪ ብርሃን ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ በቃጫው ውስጥ ደመና የመሰለ ነገር ይታያል።

«ቁም» አሉ ጋሼ። «ወደ ኋላ መልሰው። እዚህ ጋ።»

ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር። ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ሁለት ሴንቲ ተኩል ርዝመት። በመብራት ሳየው ጠፋችብኝ። በጣቴ ጀርባ ገፋ ሳደርገው ግን ሁለቱ የስንጥቁ ከንፈሮች ተነካኩ። ኮኑ በሰከንድ 110 ጊዜ ሲመላለስ እነዚህ ከንፈሮች እርስ በርስ ያጨበጭባሉ።

ከስንጥቋ በላይ፣ ስፒከሩን ከሳጥኑ ጋር ካሰሩት አራት ዳዶዎች አንዱ አለ። ማዕዘኖቹ ተልጠዋል። በመፍቻ በኃይል የተጠበቀ ዳዶ ነው። ብረቱ ላይ መፍቻው ያንሸራተተበት ጭረት ይታያል፤ ጭረቱ ቁልቁል ወርዶ ወረቀቱ ላይ ያበቃል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ታሪኩን አሰብኩት። መጀመሪያ የጀርባው ሰሌዳ ላላ። ተንቀጫቀጠ። አንድ ሰው «ስፒከሩ ላልቷል» ብሎ ዳዶዎቹን ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቃቸው። መፍቻው አምልጦት ወረቀቱን ቀደደ። ሰሌዳው ግን ያው እንደላላ ነው። ሁለተኛዋን ዝንብ የወለደቻት የመጀመሪያዋ ናት። ሦስተኛዋንም፣ በኋላ እንደምነግራችሁ።

ዳዶዎቹን ፈትቼ ስፒከሩን አወጣሁት። ከዓመታት በኋላ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ጨስ የሚል ድምፅ አለው። ጠረጴዛው ላይ በማግኔቱ አስተኛሁት። ጠረጴዛውን አስቀድሜ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌዋለሁ፤ የብረት ብናኝ ካለ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ኮይሉ ያለበት ክፍተት ውስጥ ከገባ ደግሞ ማውጣት አበሳ ነው።

ወረቀት የሚጠገነው በወረቀት ነው። ስስ፣ ግን ቃጫው ረዥም የሆነ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሻይ ከረጢት ወረቀት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከረጢቱን ቀድጄ ባዶ አደረግኩት። በመቀስ አልቆረጥኩትም። በውሃ መስመር አስምሬ በጣቴ ነው የቀደድኩት፤ እንዲህ ሲሆን ጠርዙ ላይ ቃጫዎቹ እንደ ጺም ይወጣሉ፣ ያ ጺም ከኮኑ ወረቀት ጋር ተዋህዶ ይደርቃል። ነጭ የእንጨት ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጠብታ በጠብታ ቀላቀልኩ። በቀጭን የሥዕል ብሩሽ መጀመሪያ ስንጥቋን ራሷን አራስኳት። ሁለቱን ከንፈሮች በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ገጥሜ አስተካከልኳቸው። ከዚያ አንዱን ቁራጭ ከጀርባ፣ አነስ ያለውን ከፊት። በብሩሹ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሁ አየሩን አስወጣሁ። እርጥብ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ስንጥቋ እስክትጠፋ ድረስ አያታለሁ።

በዚህ ሥራ ቶሎ የሚደርቀውን ኃይለኛ ሙጫ የሚጠቀሙ አሉ። አትጠቀሙ። እንደ መስታወት ይጠጥራል። ወረቀቱ ዙሪያውን ይተጣጠፋል፣ ሙጫው እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ከሙጫው ጠርዝ አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ክብደትም አለ። በባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለው ክፍል በሙሉ፣ ኮኑም ኮይሉም ተደምሮ፣ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው። ወፍራም ፕላስተር የለጠፈበት ሰው ድምፁን ቀይሮታል። የኔ ሁለት ቁራጮች በትንፋሽ ይበርራሉ።

አንድ ሌሊት አሳደርኩት።

በነጋታው ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በሽቦ አገናኘሁትና 110 ሄርዝ ሰጠሁት። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ ድምፅ። 95፣ 100፣ 120፤ ንጹሕ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ለጋሼ ደወልኩ። መጡ። ሳጥኑ ላይ መልሰን አሰርነው። ጊታሩን ሰኩ፣ አምስተኛዋን መቱ።

ትርር።

ከበፊቱ ያነሰች ናት። ግን አለች። ጋሼ ምንም አላሉም። እጃቸውን ክሩ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ።

ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ የሆነ ስፒከር ሳጥኑ ላይ ሲታሰር ካጉረመረመ፣ ነገሩ መታሰሩ ነው። እዚህ ላይ ስለ ኮይሉ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የሚባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የወረቀት ኮንና የሚንቀሳቀስ ኮይል ያለውን ስፒከር ይፋ አደረጉ። ዛሬም የጊታር ስፒከር ከሞላ ጎደል እሱው ነው። በማግኔቱ መሃል ቀለበት የመሰለ ጠባብ ክፍተት አለ። ኮይሉ እዚያ ውስጥ ተንሳፍፎ ይመላለሳል። በግራም በቀኝም የቀረው ቦታ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። መሃል ላይ የሚያቆመው ስፓይደር የሚሉት ባለ ሽንሽን ጨርቅና የኮኑ ጠርዝ ናቸው። ሁለቱም የታሰሩት ከብረቱ አካል ጋር ነው። የድሮ ስፒከሮች አካል ደግሞ ብዙ ጊዜ ስስ ተጨፍልቆ የተሠራ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ትንሽ ከተጣመመ ኮይሉ ዘንበል ይላል። ዘንበል ካለ ይፋተጋል።

አምፑን አጥፍተን ሳጥኑን በፊቱ በኩል ከፍ አድርገን አቆምነው። ሁለቱን እጄን ከፊት አስገባሁ። ጣቶቼን ኮኑ ላይ በእኩል ዘርግቼ፣ መሃል ካለችው ቆብ አካባቢ፣ በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ክርርክ። በጣም ደቃቅ ድምፅ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በጣት ጫፍ ይሰማል፣ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ጥፍር እንደማሳለፍ።

«ጋሼ፣ ያቺን የላይኛዋን ዳዶ ሩብ ዙር ያላሉልኝ።»

አላሉ። ገፋሁ። ክርርክ።

«ሌላ ሩብ።»

ገፋሁ። ምንም የለም። ኮኑ ቅቤ ውስጥ እንደሚሄድ ቢላ ገባ ወጣ አለ። ጋሼ ዳዶዋን መልሰው ሲያጠብቁ ክርርኩ ተመለሰ። ደጋግመን ሞከርነው። አራቴ።

ስፒከሩን እንደገና አውጥቼ የብረት ማስመሪያ ስፒከሩ የሚታሰርበት ኮምፔንሳቶ ላይ አጋደምኩ። በአንዱ ማዕዘን በኩል ከማስመሪያው ሥር ብርሃን አየሁ። ኮምፔንሳቶው ወደ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ጎድጉዷል። የቀድሞው ሰው ያን ዳዶ እስኪበቃው ሲያጠብቅ ቆርቆሮውን ጎትቶ ከጎድጓዳው ጋር አጣጥሞታል። አዲስ ስፒከር ገዝተው ቢሆን ኖሮስ? እሱንም እዚያው ጎድጓዳ ላይ በዚያው ኃይል ያስሩት ነበር።

ከስስ የቡሽ ሉህ ስፒከሩ የሚያርፍበትን ቀለበት ቆረጥኩ። በጎድጓዳው በኩል ሁለተኛ ድርብ፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሳስቼ ጨመርኩ። ማስመሪያውን አጋደምኩ። ብርሃን የለም። ስፒከሩን ስመልሰው ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ላይ የነበረው ታች ሆነ። ያረጀ ስፒከር ቆሞ ብዙ ዘመን ሲኖር ኮኑ በራሱ ክብደት በጥቂቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሲገለበጥ ቀስ በቀስ ወደ መሃሉ ሊመለስ ይችላል። የስፒከሩ ሽቦ ደረሰልኝ፣ ስለዚህ ምንም የሚያሳጣ ነገር የለውም።

ዳዶዎቹን አዲስ አደረግኩ፣ ከሥራቸው ሮንዴላ። እንደ መኪና ጎማ በመስቀል ነው ያጠበቅኳቸው፤ አንዷን ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቷ ያለችውን ትንሽ። በመፍቻ አይደለም፣ በጣት። ቡሹ መጨመቅ ሲጀምር ብቻ በመፍቻ ሩብ ዙር። ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ኮኑን ገፋ አድርጌ በጣቴ ሰማሁ።

ጋሼ ያችኑ ክር መቱ። ድምፁ ተጎትቶ፣ ተጎትቶ፣ ራሱ እስኪሞት ድረስ አዳመጥነው። ከሥሩ ምንም የለም። እንደገና መቱ። ከዚያ ጮክ አደረጉት። ከዚያ ስለ ዝንቧ ረሱና መጫወት ጀመሩ። እኔም መሣሪያዬን ሳልሰበስብ ረዥም ሰዓት ተቀመጥኩ።

የጀርባውን ሰሌዳ ከመግጠሜ በፊት ወደ ውስጥ በሚዞረው ፊቱ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ቀኑን፣ የስፒከሩን ልኬት 6.4 ኦም፣ ስንጥቋ ያለችበትን ቦታ፣ ስፒከሩ መገልበጡን፣ ከቡሹ ሥር ድርብ መኖሩን። ከሥሩ፤ «ዳዶዎቹ በጣት ናቸው። አታጥብቅ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«የመጨረሻዋን ትልቅ አድርገህ ጻፋት» አሉኝ።

እርሳሱን አንሥቼ ደገምኳት።